«ልጄ አልፈራችም» ማስረጃ አይደለም

«ካርቱን እኮ ነው! ልጄ አይታዋለች፣ ምንም አልፈራችም።»

ይህን ያለው ሰሞኑን ዘመድ ቤት ተሰብስበን ሳለ የተገናኘሁት አንድ አባት ነው። ልጆቹ «ኮራላይን» የተባለውን ፊልም ሊከፍቱ ሲሉ አንዲት እናት «ለትንንሾቹ አይከብድም?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ይህ ሆነ፤ እሷም አፍራ ዝም አለች። አባባሉን ከብዙ ወላጆች ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል።

«ካርቱን ነው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። በ1978 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ፊልም መዳቢዎች «ዋተርሺፕ ዳውን» የተባለውን የጥንቸሎች ፊልም ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ብለው አሳለፉት። በሥዕል የመጣ ደም የእውነተኛውን ያህል አያስደነግጥም ብለው ነበር። ጥንቸሎች ጉድጓዳቸው ውስጥ ታፍነው የሚያልቁበት፣ በጥርስ የሚዘነጣጠሉበት ፊልም ነው። የወላጆች አቤቱታ ለአሥርተ ዓመታት አላባራም፤ በ2022 መዳቢዎቹ ራሳቸው ደረጃውን ወደ ፒጂ፣ ማለትም የወላጅ ምክር ወደሚያሻው፣ ከፍ አደረጉት።

ትልቁ ጥፋት ያለው «አልፈራችም» ላይ ነው። በምን አወቅህ? ጠይቀሃት ነዋ! የስድስት ዓመት ልጅ ታላላቅ የአጎትና የአክስት ልጆቿ መሀል ተቀምጣ «ፈራሽ?» ስትባል ምን እንድትል ትጠብቃለህ? «አዎ» ካለች ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ «ፈሪ» የሚል ስምም ይወጣላታል። ስለዚህ «አልፈራሁም» ትላለች፤ አባትም ይህንን ይዞ ለሌላው ቤት ልጅ ይመሰክራል።

ይህ ግምት አይደለም። «ኮራላይን» ፊልም ከመሆኑ በፊት መጽሐፍ ነበር፤ ደራሲው ኒል ጌይማን ራሱ ደጋግሞ ያወጋው ታሪክ አለ። መጽሐፉ በ2002 ከመታተሙ በፊት ወኪሉ «ይህ ለልጆች በጣም ያስፈራል» አለችው። እሱም «እስቲ ለልጆችሽ አንብቢላቸው» አላት። አነበበችላቸው፤ አልፈሩም ተባለ፤ በልጆች መጽሐፍነት ወጣ። ከዓመታት በኋላ ከልጆቹ አንዷ አድጋ ለጌይማን እውነቱን ነገረችው። በጣም ፈርታ ነበር፤ ፈራሁ ብትል ግን ንባቡ ተቋርጦ መጨረሻውን ሳትሰማ እንዳትቀር ሰግታ ደብቃዋለች። ሰዉ ይህን ታሪክ እየሳቀ ያወራዋል። እኔ ግን አልስቅም። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ በገዛ ድምጿ እያነበበችላት፣ የልጇን ፍርሃት አላወቀችም። ወጥ ቤት ሆኖ ከሳሎን የሚመጣውን ድምፅ የሚሰማ ወላጅማ እንዴት ይወቅ?

ለመሆኑ ያ አባት ፊልሙን አይቶታል? ገና በመግቢያው የመርፌ ጣቶች ያሉት የብረት እጅ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ይዞ የአፏን ስፌት ይተረትራል፣ ዓይኖቿን ይነቅላል፣ ሆዷ ውስጥ የተጠቀጠቀውን መዥርጦ ያወጣል። ቀጥሎ ኮራላይን የተባለችው ልጅ ቤቷ ውስጥ ባለች ትንሽ በር ገብታ «ሌላዋን እናት» ታገኛለች። መልኳ የእናቷ ነው፤ ድምጿም የእናቷ። ጥሩ ምግብ ትሠራለች፣ ታጫውታለች፣ ትስቃለች። ከዚያ በፍቅር ፈገግ ብላ አንዲት ትንሽ ሣጥን ወደ ልጅቷ ትገፋላታለች። ውስጡ ሁለት ጥቁር የልብስ ቁልፎች፣ መርፌና ክር አለ። እዚህ ቤት ለመቅረት ዓይኖችሽ ላይ መሰፋት አለባቸው ነው ነገሩ። ከእሷ በፊት እሺ ያሉ ሦስት ልጆች ሞተው መንፈስ ሆነዋል።

ጭራቅ የፈራ ልጅ እናቱ ጉያ ውስጥ ይወሸቃል። ይህ ፊልም ግን ፍርሃቱን ያስቀመጠው እዚያው እናት ፊት ላይ ነው። ትንሹ ልጅ በሌሊት ባንኖ ማን ዘንድ ይሂድ?

«እኛስ በጅብ ተረት አላደግንም?» የሚሉኝ አሉ። አድገናል። አያቴ ግን ስታወራ ዓይኗ ከፊታችን አይነቀልም ነበር፤ ከንፈራችን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጅቡን ገደል ትከተው ነበር። ፊልም ለማንም ልጅ ብሎ አይቆምም።

ይከልከል አላልኩም። «ኮራላይን» በእጅ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ፍሬም በፍሬም የተቀረጸ ድንቅ ሥራ ነው። ያው ስቱዲዮ፣ ላይካ፣ በ2012 ያወጣውን «ፓራኖርማን»ንም እወደዋለሁ። እዚያ ከተማውን ሁሉ የምታሸብረው ጠንቋይ፣ ፍርሃት ያሳወራቸው አዋቂዎች ሞት የፈረዱባት ሕፃን ሆና ትገኛለች፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የፍርድና የምሕረት ትምህርት አላውቅም። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አላሳየውም። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ፒጂ ተሰጥቷቸዋል፤ አስፈሪ ምስሎች እንዳሉባቸውም ከደረጃው ጎን ተጽፏል። ይህ ደረጃ ውሳኔውን ለወላጅ ይተዋል፤ ወላጁ ደግሞ መልሶ ለልጁ ያሸክመዋል። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

«ኮራላይን» በ2024 እንደገና ሲኒማ ገብቶ ብዙ ተመልካች ስቧል፤ በየቤቱ ገና ያላዩት ታናናሾችም አሉ። ስለዚህ እናንተ ወላጆች፣ «ፈራሽ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። አጠገቧ ተቀመጡ፤ እጇን እዩ፣ ብርድ ልብሱ እስከ የት እንደተሳበ እዩ። በማግሥቱም በሳምንቱም ብቻዋን መተኛት እምቢ ካለች «ተቀማጥላ ነው» አትበሉ። ከሁሉ በፊት ግን ፊልሙን ራሳችሁ እዩት፤ መቶ ደቂቃ ነው።