የልጅ ሥዕል በእንጨት ላይ

ነሐሴ ሲያልቅ በየቤቱ የሚጀመረውን ሽር ጉድ ያውቁታል። ሴቶች ልጆች ለአበባዮሆሽ ከበሯቸውን ያዘጋጃሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ መስከረም 1 ቀን ማለዳ ለጎረቤት የሚያድሉትን የአበባ ሥዕል በወረቀት ላይ ይስላሉ። የወረቀት ሥዕል ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ተቀዶ ይጣላል። በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ሥዕል ከተደራረበ እንጨት ወደ ተሠራ፣ ለብዙ ዓመታት ወደሚቆይ የበዓል ጌጥ እንዴት መለወጥ እንደሚቻል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ልጁ አንድ የአደይ አበባ በትልቁ ይሳል። ሥዕሉንም በአራት ወረቀት ይከፋፍሉት። የመጀመሪያው ሙሉ ክብ ሰሌዳ፣ ሁለተኛው አረንጓዴው ቅጠል፣ ሦስተኛው ብጫው አበባ፣ አራተኛው የአበባው መኻል ይሆናል። የላይኛው ከታችኛው ማነስ አለበት፤ አለዚያ ከሥር ያለው ተሸፍኖ ይቀራል። በጣም የቀጠነ ቅርጽ ስለሚሰበር ዘንጉን ወፈር ያድርጉት።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሌዘር መቁረጫ ማሽን ነው። ይህ ማሽን የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠሩ ቤቶች ይገኛል። መጋዝ የለውም፤ በአንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ የብርሃን ጨረር እንጨቱን እያቃጠለ ይቆርጠዋል። ለዚህ ሥራ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይበቃል። የተቆረጠ እንጨት ስለማይመለስ ልኩን አስቀድመው ከሠራተኛው ጋር ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ገንዘብ ለመቆጠብ ስል ከቤት የተረፈ የፒ.ቪ.ሲ. ሰሌዳ ይዤ ሄድኩ። ትንሿ ልጄም አብራኝ ነበረች። ሠራተኛው ገና ሲያየው መለሰልኝ። «እመቤቴ፣ ይህ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ እንጨት ያምጡ» አለኝ። እውነቱን ነው። ፒ.ቪ.ሲ. በውስጡ ክሎሪን ስላለበት ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ብረትን የሚያዝግ ጋዝ ይወጣዋል። ጥቂት ብር ላተርፍ ብዬ ልጄን እዚያ ጭስ አጠገብ አቁሜያት ነበር ማለት ነው።

የእንጨቱም ጭስ ቢሆን ጤና አይሰጥም። ስለዚህ ልጆች ውጭ ይቆዩ። በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ እህቶችም፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ እንዲኖር አሠሪያችሁን ጠይቁ። ጨረሩ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችልም ማሽኑ እየሠራ ትታችሁት አትሂዱ፤ ክዳኑንም አትክፈቱ።

የተቆረጠው እንጨት ቤት ሲገባ የቤተሰቡ ሥራ ይጀመራል። ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። እያንዳንዱን ክፍል ከማጣበቅዎ በፊት ለየብቻው ቀብተው ያድርቁ፤ ከተጣበቀ በኋላ ብሩሹ ጥጋጥጉ ውስጥ አይገባምና። ከዚያ በእንጨት ኮላ ከታች ወደ ላይ ይደራርቡት። ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ይደር።

በመጨረሻም ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱንና የልጁን ስም ይጻፉበት። ልጁ አድጎ ሥዕሉን ቢረሳው እንኳ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ግድግዳው ያስታውሰዋል።