ማን አሳመነን?

ጂፒ ጎዳና ላይ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ «ጴንጤ ሆነ» ተብሎ ስንቱ አኮረፈው! እኔም ክርክሬን አዘጋጅቼ ሄድኩ። «ለመሆኑ በምን አሳመኑህ?» አልኩት።

«ወንድሜ በሌባ ጥይት የሞተ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው ሬሳውን አገር ቤት የላኩት እነሱ ናቸው» አለኝ። ስለ ትምህርታቸው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ለቅሶውን በስልክ ነበር የደረስኩት። ክርክሬን ይዤ ተመለስኩ።

ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ቄስ ማንጌና ሞኮኔ ከዌስሊያን ሜቶዲስት ወጥተው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው አቋቋሙ። ያስወጣቸው የሥላሴ ትምህርት አልነበረም፤ ጥቁሩ ቄስ ከነጩ በታች መደረጉ እንጂ። ሰው በተናቀበት ቤት መጸለይ ይከብደዋል።

እኛስ ብንሆን? ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2018ቱ የዋሽንግተን እርቅ ድረስ «የአገር ቤቱ ሲኖዶስ»፣ «የስደተኛው ሲኖዶስ» እየተባባልን ስንወጋገዝ፣ ፍትሐ ነገሥቱን ገልጦ ያየ ስንቱ ነው? መጀመሪያ በፖለቲካና በወዳጅነት ወገን ለየን፤ ቀኖናውን የጠቀስነው ከዚያ ወዲያ ነው። እርቁ ሲወርድም መጽሐፍ አላገላበጥንም፤ አለቀስን።

ይህን የምለው እምነትን ለማቃለል አይደለም። ልብ የሚከተለው ያጽናናውን መሆኑን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ባልንጀራህ ቤተ ክርስቲያን ሲለውጥ «ማን አሳሳተው?» ከማለትህ በፊት «በሐዘኑ ቀን ማን አብሮት ተቀመጠ?» ብለህ ጠይቅ። እኔ ጠይቄ አፍሬያለሁ።