ስታርትአፑ ሲዘጋ፦ ቶሎ መቀጠር ወይስ መቆየት?

ሙግት አንድ፦ ቶሎ ይቀጠር

ስታርትአፑ የተዘጋበት ወጣት መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ሐሳብ ሳይሆን ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ ነው። እኔ የማውቃቸው የአዲስ አበባ ጀማሪዎች የተነሡት በባለሀብት ገንዘብ አይደለም፤ በወንድም ቁጠባ፣ ከዓረብ አገር እኅት በላከችው ብርና በዕቁብ ነው። ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡ መተግበሪያ ላይ ቢቀልጥም ዙሩ እስኪያልቅ መጣሉ አይቀርለትም። ዳኛው «ድርጅቴ ከሰረ» ቢሉት አይሰማም።

ሥራ ደግሞ አለ። ቴሌብር በ2013 ከጀመረ፣ ሳፋሪኮምም በ2015 ከገባ ወዲህ ባንኩም ሌላውም ደንበኛን በስልክ ማገልገል ግዴታው ሆኗል። ኮድ የሚጽፍ፣ ነጋዴ የሚያግባባ፣ ሌሊት የተቋረጠ ሲስተም የሚያስነሣ ሰው ይፈለጋል። «ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፣ እንዴት ለሌላ ሰው እታዘዛለሁ?» ማለት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሙግት ሁለት፦ መጀመሪያ ይዝጋ

ወዳጄ ያየው ኩራትን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ያውቀዋል፦ ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጠየቃል። መሥራቹ ግን ለራሱ ደመወዝ ሳይቆርጥ ነው ዓመታት የለፋው። የቆረጠም ቢሆን የልምድ ደብዳቤው ላይ ፈራሚው ራሱ፣ ማኅተሙም ያለው በራሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማን ያምነዋል? ዜሮ ዓመት ተብሎ ከተመራቂ ጋር ይሰለፋል።

ንግድ ፈቃዱስ? ሳይመለስ ከቀረ ግብር ሰብሳቢው ዘንድ ድርጅቱ በሕይወት አለ፤ ሽያጭ ባይኖርም ማሳወቅ ይጠበቅበታል፣ ባላሳወቀ ቁጥር ቅጣቱ ይከመራል። ለመመለስ ክሊራንስ፣ ለክሊራንስ የተመረመረ ሒሳብ ይጠየቃል፤ ካሽ ሬጅስተርም ካለ እሱን ማሰረዝ አለ። ይህ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። በግል ስሙ ፈቃድ ያወጣማ የድርጅቱ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው፤ ደመወዙ ድረስ ይከተለዋል።

የአንደኛው መልስ

ክሊራንሱን በውክልና የሒሳብ ባለሙያ ይጨርስለት። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ከደመወዝ ነው። ወዳጄ «ይቆይ» ሲል በማን ኪስ እንደሚቆይ አልነገረንም።

የሁለተኛው መልስ

በቀድሞ ደንበኞቹ ኪስ! ፈቃዱ እስኪመለስ ደረሰኝ መቁረጥ ይችላልና የኮንትራት ሥራ ይያዝ። ከእነዚያው ደንበኞች የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ይሰብስብ፤ ራሱ ከፈረመው ወረቀት ይልቅ ቀጣሪ የሚያምነው ያንን ነው። ድርጅታችሁን ልትዘጉ ያሰባችሁ፣ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ከዓመት በኋላ የሚያውቃችሁ ኃላፊ ከቦታው ተነሥቶ ይሆናል።