ብርዑ ከቤታችን፣ ሥዕሉ ከሰው አገር

ዘመናዊ ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ፓሪስና ወደ ኒው ዮርክ እናዞራለን። ለመሆኑ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር የመጣው ጓደኛችን በልጅነቱ በቁርኣን ቤት፣ በእንጨት ሉሁ ላይ የጻፈው ፊደል ከሥነ ጥበብ የማይቈጠረው ስለ ምንድን ነው?

ጎረቤታችን ሱዳን ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝታለች። ኢብራሂም ኤል ሳላሂ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1930 ኦምዱርማን ተወለደ፤ የፊደልን ቅርጽም በአባቱ ቁርኣን ቤት ለየ። በለንደን ስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተምሮ በ1957 ወደ አገሩ ቢመለስና ሥዕሉን ካርቱም ላይ ቢያሳይ፣ የሚያይለት ሰው አጣ። እርሱ ግን ሕዝቡን አልነቀፈም። ሕዝቡ በየቤቱ የሚያየውን ጽሑፍ መረመረ፤ የዐረብኛውን ፊደል ሰባብሮ ከውስጡ የሰው፣ የእንስሳና የዕፅ መልክ አወጣ። በ2013 የለንደኑ ቴት ሞደርን ሥራዎቹን በትልቅ ትርኢት አቀረበለት። በእኛም ወገን ወሰኔ ኮስሮፍ የግእዙን ፊደል ከጽሑፍነት አውጥቶ ሥዕል አድርጎታል።

ወሎስ? የወሎ ዑለማ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ዐጀሚ ይባላል። ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ግጥማቸውን ያቈዩልን በዚህ ነው። ዐረብኛ ለማያውቃቸው ድምፆች ጸሐፊዎቹ በፊደሉ ላይ ነጥብ እየጨመሩ መላ አበጁ። እንግዲህ «ይህ ፊደል የባዕድ ነው» የሚል ቢኖር፣ አማርኛ የሚናገር ባዕድ የት አገር አለ? የደብተራው ብርዕ መቃ ነው፤ የሼኹም ብርዕ መቃ ነው።

«የእምነት ጽሑፍ መጫወቻ አይሁን» የሚሉ አባቶች አሉ፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ ሠዓሊው ቅዱሱን ቃል ይተወውና የፊደሉን አካሄድ ይማር፤ መወፈሩን፣ መቅጠኑን፣ መታጠፉን። ይህንንም በድፍረት ሳይሆን ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ይማር።

ጊዜ ግን አይጠብቀንም። ብራና ቢሆን ወረቀት፣ እርጥበትና ምስጥ ይበላዋል፤ የጸሐፊው እጅም ከጸሐፊው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደ ሀብሩ፣ ወደ መርሳና ወደ ዳና የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሼኾቹን አስፈቅዳችሁ መቃ አቀራረጹንና ቀለም አበጣጠሩን ተማሩ። ስትመለሱም የጻፋችሁትን በግቢያችን ግድግዳ ላይ ስቀሉልን። የሚያይ ሰው ቢጠፋ እንኳ፣ ካርቱምም የጀመረችው እንዲሁ ነው።