ዳቦና ፎቶ ሕፃን አያሳድግም

"ሕፃን ምን ያውቃል፣ ከጠገበ ይበቃዋል" የሚሉ ሰዎች ቡካሬስትን ይመልከቱ። በማሳደጊያ ተቋማት ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ተሰጡ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የአንጎላቸው ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ተለካ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በወላጅ ቤት ካደጉት ጋር ተቀራረቡ፤ የዘገዩት ወደ ኋላ ቀሩ። ከእኩዮች ጋር መግባባቱም ቀድመው ለወጡት ተሻለ።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለች። ይሁን። የአገር ውስጡ አደራ ቤተሰብስ የት አለ? በበዓል ድፎ ዳቦ ይዞ የሚጎርፈው ባለሀብት ፎቶ ተነሥቶ፣ ሌላ ሕንፃ ለማስገንባት ቃል ገብቶ ይሄዳል። ሞግዚቶቹ በፈረቃ ይቀያየራሉ፤ ሕፃኑ የማንን ፊት ይልመድ? በዚያ ገንዘብ ስንት አክስት፣ ስንት አያት ልጁን ቤቷ ባሳደገች! ለሕንፃው ፈቃድ የሚሰጠው አካል ቢያንስ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እዚያ ስንት ወር ይቆያል?