በደጋ ቤት በምድጃ የሚበስል ዓሣና ሩዝ

የአንድ ቤት ክብር የሚታወቀው በግብር ቀን በሚቀርበው ወጥ ብዛት ብቻ አይደለም። ደክሞት የመጣ፤ ብርድ የመታው፤ ከሕመም የተነሣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው በመጣ ጊዜ የቤቱ እመቤት ምን ታቀርብለታለች? የቤት ክብር በዚህም ይመዘናል። በአገራችን ለእንግዳ ክብር ዶሮው ይታረዳል፤ ወጡ በበርበሬና በቅቤ ይሠራል፤ ጥሬ ሥጋውም ይቀርባል። ይህ ሁሉ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ወይም ሆዱ የታመመ ሰው በማዕዱ ፊት ተቀምጦ «አልቻልሁም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ጐርሶ «ጠገብሁ» ይላል፤ አክብረን ስናበቃም ሳናውቀው ጦሙን እናሳድረዋለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለስላሳ ሆኖ ኃይል የሚሰጥ፤ ትኩስ ሆኖ የማያቃጥል፤ ከዓሣና ከሩዝ በምድጃ የሚጋገር አንድ መብል እንገልጻለን።

ይህ መብል በመጀመሪያ የሰሜን አገሮች ነው። በዚያ ሳልሞን የሚባለውን ሥጋው ቀላ ያለ ዓሣ ከሩዝ፤ ከወተትና ከእንቍላል ጋራ በሸክላ ዕቃ አድርገው በምድጃ ያበስሉታል። በመስኮብ አገርም ዓሣውንና ሩዙን በሊጥ ጠቅልለው ይጋግሩና ኩሌቢያካ ይሉታል። ሳልሞን ጠባዩ የሚያስደንቅ ፍጥረት ነው። በወንዝ ይወለዳል፤ ወደ ባሕር ወርዶ ያድጋል፤ ዕንቍላሉን የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስ ግን ውኃውን ሽቅብ እየቀደደ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል።

በአገራችን ውኃ ሳልሞን አይገኝም፤ በቈርቈሮ ታሽጎ ከውጭ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ መደብሮች ይሸጣል። ነገር ግን ለዚህ መብል የሚሆን የራሳችን ዓሣ ሞልቷል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ባቀኑበት በሐይቅ እስጢፋኖስ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ገብቶ ተራብቷል። በጣና ቆሮሶም አምባዛም አለ። ምንጩ ከላስታ ተራሮች የሆነው ተከዜም 188 ሜትር ቁመት ባለው ግድብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ሰፊ ሐይቅ ሆኖ ዓሣ ይጠመድበታል። ሩዙም ቢሆን የግድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት ውኃ የሚተኛበት አገር ስለ ሆነ ከአርባ ዓመት ያህል ወዲህ ገበሬው ሩዝ እየዘራ አገር ይመግባል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳናሳስብ አናልፍም። ሊቃውንት ላቤዎባርቡስ የሚሉት የጣና ዓሣ ወገን ብዙው ዓይነት እንደ ሳልሞን ሁሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጕማራና ወደ ርብ ወንዞች ለመራባት ይወጣል። አጥማጆች በዚያ ጊዜ በወንዞቹ አፍ መረብ እየዘረጉ ስለሚይዙት ዓሣው እጅግ አንሷል። እርጉዝ ላም የሚያርድ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ፤ ዕንቍላል ሊጥል የወጣውን ዓሣም አለመግዛት ተገቢ ነው። በዚያ ወራት ቆሮሶ ወይም የቈርቈሮ ዓሣ ይበቃል።

የላስታ ሰው ከብትና በግ፤ ገብስና ባቄላ የለመደ ደገኛ ስለ ሆነ ዓሣን የቈላ ሰው መብል አድርጎ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ጌታችን አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባርኮ ሕዝቡን እንዳጠገበ፤ ከትንሣኤውም በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ በፍም የተጠበሰ ዓሣ እንዳዘጋጀላቸው በወንጌል የተጻፈ ነው። በምሳው ጊዜ የነበሩት ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያደሩ ሰዎች ነበሩና፤ ለደከመ ሰው ዓሣ ማቅረብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በጾም ዓሣ ስለ መብላት ግን በሕዝቡ ዘንድ ሁለት ልማድ አለ፤ የሚበላም የማይበላም አለ። በዚህ ነገር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የነፍስ አባቱን ቃል ይጠብቅ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይፍረድ። እኛ ከዚህ በታች በወተትና በቅቤ የምንጽፈው ለፍስክ ቀን ነው።

ይህ መብል ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው በጾም መፍቻ ሰሞን ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ በሽሮና በአተር የቈየ ሆድ፤ በበዓሉ ቀን ድንገት ቅቤ የበዛበት ወጥና ጥሬ ሥጋ ሲወርድበት ይታወካል። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲዘመር ሌሊቱን ቆመው ያደሩ አረጋውያን በብርድ ደክመው ወደ ቤት ይገባሉ። እንዲሁም ከከተማው በላይ፤ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለችው፤ በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ታነፀች ወደምትባለው ወደ አሸተን ማርያም በእግርና በበቅሎ ወጥቶ የሚመለስ ሰው፤ አቀበቱ ጕልበቱን፤ ነፋሱም ሰውነቱን ይጐዳዋል። እንዲህ ላለው ሰው መጀመሪያ ትኩስና ለስላሳ ነገር አቅርቦ፤ ከባዱን መብል ለማግስቱ ማቈየት ከማስተዋል ይቈጠራል። ዓሣ ሥጋን የሚገነባ ምግብ ከመሆኑም ሌላ በእህልና በአትክልት የማይገኘውን ለደም የሚያስፈልግ ቫይታሚን ይሰጣል። የሳልሞን ስብም ለልብ ይጠቅማል፤ በቈርቈሮ የታሸገው ሳልሞን አጥንቱ በእንፋሎት ስለሚለሰልስ አብሮ ቢበላ አጥንትን ያጠነክራል።

ብዙ እመቤቶች «በደጋ ሩዝ አይበስልልንም፤ ውጩ ይላሽቃል ውስጡ ይጠነክራል» ሲሉ ይሰማል። ምክንያቱ የእጅ ጕድለት አይደለም። አገር ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ አየሩም በሳሳ መጠን ውኃ በጥቂት ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ባለችው በላሊበላ በ92 ዲግሪ ያህል፤ በአሸተን ማርያም ደግሞ በ90 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ስለዚህ ውኃው ሲንተከተክ ቢታይም ሙቀቱ ያነሰ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መድኃኒቱ ሦስት ነው፤ ሩዙን አስቀድሞ መዘፍዘፍ፤ ውኃና ጊዜ መጨመር፤ ድስቱን በከባድ ክዳን መክደን። እንፋሎት የሚያፍን ድስት ያለው ሰው ደግሞ እጅግ ይቀለዋል። ሩዙ በወተቱ ውስጥ ሆኖ በምድጃ ይበስላል ብሎ ጥሬውን መተው ግን አይገባም፤ እርጥብ ነገር በምድጃም ውስጥ ቢሆን ከውኃው መፍያ በላይ አይሞቅምና።

ዓሣውን ስለ መምረጥ እንንገር። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፤ ስንጥቡ ቀይ፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ፤ ሽታውም የውኃ ሽታ እንጂ የግማት ያልሆነ ነው። ከሐይቅ እስከ ላሊበላ መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ በበረዶ ተሸፍኖ ያልመጣውን አለመግዛት ይሻላል። በጨው ደርቆ ቋንጣ የሆነውን ዓሣ የገዛ ሰው ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ፤ ውኃውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለውጦ ጨውን ያወጣለታል። የቈርቈሮ ዓሣ ሲሆን ቈርቈሮው የተነፋ፤ የዛገ፤ የተቀደደ ወይም ሲከፈት የሚፈነጥቅ ከሆነ ሳይቀምሱ መጣል ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ የብስኵት ከረጢት ሲነፋ ስላየን «ይህም እንደዚያ ነው» ብለን አንታለል፤ በተበላሸ ቈርቈሮ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ሰውን ይገድላል። ከተከፈተ በኋላም የተረፈውን በቈርቈሮው ሳይሆን በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ገልብጦ በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ይገባል።

አሁን ለስምንት ሰው የሚበቃውን መጠን እንጻፍ። ሩዝ 2 ብርጭቆ፤ አጥንቱ የወጣ የዓሣ ሥጋ 700 ግራም ያህል ወይም በቈርቈሮ የታሸገ ሳልሞን 3፤ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ቀይ ሽንኵርት 2 ራስ፤ ንጥር ቅቤ 4 የሾርባ ማንኪያ፤ ወተት 2 ብርጭቆ፤ እንቍላል 3፤ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ 1 ብርጭቆ፤ ጨው፤ የተፈጨ ቍንዶ በርበሬ፤ አንድ ሎሚ።

ሩዙን ውኃው እስኪጠራ ድረስ አጥቦ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ። ከዚያ ውኃውን አፍስሶ፤ 5 ብርጭቆ አዲስ ውኃና ጥቂት ጨው ጨምሮ፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሶ ከድኖ 25 ወይም 30 ደቂቃ መቀቀል። አንዲቱን ፍሬ በጣት መካከል ሲጨፈልቋት እንብርት ካልተገኘባት በስላለች፤ ውኃ ቢተርፍም ማጥለል ነው። ትኩሱን ዓሣ በሎሚና በጨው አሽቶ፤ በጥቂት ውኃ 10 ደቂቃ ያህል ቀቅሎ፤ በጣት እየፈለፈሉ አጥንቱን አንድም ሳያስቀሩ መልቀም። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መብሉ ለሕፃንና ለአረጋዊ ነውና ለሠራተኛ ብቻ ትቶ መሄድ ሳይሆን እመቤቲቱ በራስዋ ጣት ብትመረምረው ይሻላል። የቈርቈሮው ዓሣ የበሰለ ስለ ሆነ ውኃውን አጥልሎ መፈርፈር ይበቃል፤ ጨው ስላለበትም ሌላ ጨው መቀነስ ነው።

ሽንኵርቱን በ2 ማንኪያ ቅቤ ሳይጠቍር እስኪለሰልስ ማቍላላት። የሸክላ ወይም የብረት መጋገሪያ ቅቤ ቀብቶ የሩዙን እኩሌታ መደልደል፤ በላዩ ዓሣውንና ሽንኵርቱን ማንጠፍ፤ ቍንዶ በርበሬ ነስንሶ በቀረው ሩዝ መሸፈን። እንቍላሉን በቀዝቃዛ ወተት መትቶ በዝግታ ማፍሰስ፤ ወተቱ ትኩስ ከሆነ እንቍላሉ ይረጋልና። በመጨረሻ የዳቦውን ፍርፋሪ ነስንሶ የቀረውን ቅቤ በላዩ ማድረግ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ ያህል ይጋግረው። የሌለው ሰው ደግሞ እናቶቻችን ዳቦ የሚደፉበትን ብልሃት ይያዝ፤ ይኸውም ወፍራም ድስት በመጠነኛ ፍም ላይ ጥዶ፤ በብረት ክዳን ከድኖ፤ በክዳኑ ላይ ከሥሩ ይልቅ የበዛ ፍም መጫን ነው። የታችኛው ፍም ከበረታ ሥሩ ያራል፤ የላይኛው ካነሰ ላዩ አይቀላም። መካከሉ በቢላዋ ሲወጋ ወተት ካልወጣበትና ላዩ ወርቅ ከመሰለ ደርሷል። ይህን ሲሠሩ በር ይከፈት። በደጋ ብርድ ምክንያት የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት አኑሮ መተኛት ሽታ በሌለው መርዝ ስንቱን ቤተ ሰብ ሳይነቃ አስቀርቷልና፤ ፍሙ ሥራውን ሲፈጽም ወደ ደጅ ይውጣ።

ከምድጃ እንደ ወጣ 10 ደቂቃ ዐርፎ በማንኪያ ይቀርባል። ሚጥሚጣ የሚወድ በጐኑ ይያዝ እንጂ ውስጡ አይግባ። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤተ ሰብ ቅቤውን በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት፤ ወተቱንና እንቍላሉን በተፈጨ ቲማቲምና ዓሣው በተቀቀለበት ውኃ ይለውጥ። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ይግባና በማግሥቱ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ሞቆ ይበላ፤ የበሰለ ሩዝ በሙቀት ሲያድር ሆድ የሚያውክ ነገር ያፈራልና።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ መብል ለግብር አዳራሽ የሚሆን አይደለም፤ በርበሬውም ጌጡም የለውም። ነገር ግን በቤታችሁ ካሉት አረጋውያን አንዱ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «ጠገብሁ» ማለት እንዳበዛ ብታዩ፤ ምክንያቱን በሰው ፊት አትጠይቁት፤ ያሳፍረዋልና። ይልቁንስ ይህን አሠርታችሁ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም በአንድ ማዕድ አቅርቡ፤ እናንተም አብራችሁ ብሉ። ለብቻው የቀረበለት የሕመምተኛ መብል ነው፤ ከሁሉ ጋራ የበላው ግን የቤተ ሰብ ማዕድ ነው። እግዚአብሔር ማዕዳችሁን ይባርክ።