ተተኪዋ ቲቸር ስለ ልጃችሁ ምን ታውቃለች?

«ልጆቻችን መለማመጃ ሆኑ ማለት ነው?» ይህን የጻፉት አንድ አባት ናቸው፤ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ። የክፍሉ መምህርት የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ በምትኳ የገባችው ልጅ ገና ቅዳሜና እሁድ መምህርነት የምትማር መሆኗን ሰምተው ነው። ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ስለዚህ ገለልተኛ ሆኜ አልጽፍም፤ ይታወቅልኝ።

የአባትየው ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣታል። አራት ወር መሆኑ ነው። ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ እያልን ስንመክር ለኖርን ሰዎች ይሄ ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን አራት ወር የትምህርት ዘመኑን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

እኛስ ብንሆን በሰው ላይ አይደል የተለማመድነው! መርፌ መውጋት በብርቱካን ይጀመራል፤ በብርቱካን ግን አያልቅም። ልዩነቱ፣ ተማሪ ነርስ ብቻዋን አትተውም። አጠገቧ ስታፍ ነርስ አለች፤ የመድኃኒቱን ስም አብራት ታነባለች፣ መጠኑን ታያለች፣ ልትሳሳት ስትል እጇን ትይዛለች። መምህርነት የሚሠለጥኑትም ለፕራክቲከም ሲወጡ ነባሩ መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይከታተላቸዋል። ተተኪ ሆና የገባች ሠልጣኝ ግን ከኋላ የሚቀመጥላት የለም። ጠመኔ፣ መጽሐፍና የስም መጥሪያ ይሰጧትና በሩ ይዘጋል። ክፍያውም በክፍለ ጊዜ ነው፤ ማታ ማታ 42 ደብተር ስታርም የምታመሸው አይቆጠርላትም። (አንዳንዴ አነብላታለሁ። በሐኪም ጽሑፍ ለኖረ ሰው የአራተኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ምንም አይደል።)

ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው ማስተማሩ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሲጀመር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም በማስተማር። ደሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማረን የሕግ ተማሪ ነበር። ክፍልፋይን ዳቦ እየቆረሰ ነው ያስረዳን፤ ቁራሹ የሚደርሰው በትክክል ለመለሰ ነበር። የዚያን ጊዜ ወላጆች ግን ቴሌግራም አልነበራቸውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር ከረፍት መልስ አንድ ልጅ ከወንበሩ ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚጥል በሽታ አለበት። እናቱ ለዋናዋ መምህርት በቃል ነግራታለች፤ በጽሑፍ ግን የትም የለም። መምህርቷ አራስ ቤት ናት። የእህቴ ልጅ የልጁን ስም ከለየች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። የክፍሉ አለቃ ሮጦ ዘበኛውን ጠራ፤ ዘበኛውም እንደ ልማዱ ክብሪት ሊጭርለት ይዞ ደረሰ። እሷ ክብሪቱን አስጥላ፣ ወንበሮቹን አስነስታ፣ ሹራቧን ከራሱ ሥር አደረገች፤ ልጁንም በጎኑ አስተኝታ ሰዓቷን ማየት ያዘች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ተወው። አፉ ውስጥ ማንኪያ አልገባ፣ እጅና እግሩን የያዘው የለ። መደረግ ያለበት ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ነርስ ቤት ማደግ ጠቀማት። ሌላዋ ተተኪ ይህን ከየት ታመጣለች?

እናትየው በማግስቱ መድኃኒቱን፣ የሚሰጥበትን ሰዓትና ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፋ መጣች። እናንተ ግን እስኪደርስ አትጠብቁ። ልጃችሁ አስም ካለበት፣ ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል የማይስማማው ከሆነ፣ ስኳር ካለበት፣ በአንድ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ከሆነ ጽፋችሁ ስጡ፤ ግልባጩም ቢሮ ይቀመጥ። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም አስፍሩት፣ ደብተሩ ከልጁ ጋር ይዞራልና። በተለይ የጆሮው ነገር! ዋናዋ መምህርት ልጁን ከፊት የምታስቀምጠው አውቃ ነው፤ አዲሷ ቦታ ስታቀያይር ከኋላ ትወስደውና «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይቀራል።

አያቶች ደግሞ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀድመን የምናገኘው እኛ ነን። «ዛሬም ያቺው ተተኪዋ ናት ያስተማረቻችሁ? እሷማ ምን ታውቃለች» ስንል ልጁ ይሰማል። በነጋታው ክፍል ውስጥ ሲረብሽ የኛኑ ቃል ይዞ ነው። የእህቴ ልጅ አንዷን ተማሪ ቁጭ በይ ብትላት «አያቴ ቲቸር አይደለችም ብላኛለች» አለቻት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የሰማችውን ነው።

ለነዚያ አባትም በግሩፑ ላይ ባልመልስላቸውም፣ ጥያቄያቸውን ለዳይሬክተሩ ቢያቀርቡት እወዳለሁ፤ «ለምን ሠልጣኝ ገባች?» ብለው ሳይሆን «ማን ነው የሚከታተላት? የታመመ ልጅ ሲኖር ማንን ትጠራለች?» ብለው። ልጁ ከወደቀ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ተሰብሮ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን ክፍልፋይ የምታስጀምርበት ቀን ስለነበረ፣ ራሷ ሄዳ ጠራቻቸው።